ከቡራዩ ምንጭ እስከ ሽልማቱ አዳራሽ

ቡራዩ፣ ምንጩ ዳር ሰው ሲከብበኝ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑም የጃንሆይ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚመረምር አንድ ላቦራቶሪ ቀጥሮኝ በየሳምንቱ ከሾፌሩ ጋር በላንድሮቨር እወጣና ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የምንጭና የወንዝ ውሃ በጠርሙስ ቀድቼ እመለስ ነበር። ጠርሙሱን መክፈት፣ መንከር፣ መክደን፣ ቁጥር መጻፍ፣ መሄድ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ለምን እንደምቀዳ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የጠየቀኝም አልነበረም፤ ወይም ሲጠይቁኝ አልሰማሁም።

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። ቡራዩ ላይ ልጆች በተቅማጥ እየሞቱ እንደሆነ እኔም ሾፌሩም ሰምተናል። ተንበርክኬ ሁለተኛውን ጠርሙስ ስነክር ከኋላዬ አንዲት ሴት ጮኸች። ምን እንዳለች መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ሌላዋ በኦሮምኛ፣ «መርዝ እየጨመረችበት ነው! በየሳምንቱ እየመጣች ትጨምራለች!» ስትል ሰማሁ።

ቀና ስል ሴቶቹ እንስራቸውን ትተው ወደ ላይ ይሮጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ከማሳው በኩል ወንዶች መጡ። ግማሾቹ ዱላ፣ ግማሾቹ መቆፈሪያ ይዘዋል። ሾፌሩ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሲናገርም ሲነዳም የማይቸኩል ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ድምፁ ተለወጠብኝ።

«ልጄ፣ ግቢ! መኪናው ውስጥ ግቢ!»

ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። አሁን ሳስበው ያንን ጠርሙስ ጥዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበርድ ነበር ይሆን እላለሁ፤ ያኔ ግን የያዝኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ከእኔና ከመኪናው መሃል ገቡ። ሾፌሩ ሊወርድ ሲል በሩን ገፍተው ዘጉበት።

ከመሃላቸው ቡሉኮ የለበሱ ሽማግሌ ወጡ። ሁሉም መንገድ ለቀቁላቸው። በዚያው ሳምንት የልጅ ልጃቸውን ቀብረው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ያደግኩት ሰበታ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚያ በፋብሪካ ጸሐፊነት የተቀጠረ ሰው ነበር፤ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት። ምን እንደምል ስለጠፋኝ ሰላምታ ሰጠሁ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?»

«ፈያ» አሉ ከልማድ፣ ደህና ነኝ እንደማለት። ወዲያው ግን መመለሳቸው ራሱ ያናደዳቸው መሰለኝ፤ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ውሃችን ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

«ምንም አልጨመርኩም። ልመረምረው ነው የቀዳሁት።»

«ምንም ካልጨመርሽ ጠጪው።»

አንዱ በቅል ቀድቶ አቀበለኝ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ያለፈውን ሳምንት ውጤት ግን በራሴ እጅ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ውሃው ሰገራ የገባበት ነው፣ ለመጠጥ አይሆንም። አልጠጣም ብል መርዝ መኖሩን እኔው መሰከርኩ ማለት ነው። ብጠጣው ደግሞ ምን እንደምጠጣ አውቃለሁ።

«አልጠጣም» አልኩ። ሕዝቡ ተንጫጫ። «መርዝ ስለጨመርኩ አይደለም፣ ኦቦ። ውስጡ ያለውን ስለማውቅ ነው። እርስዎም ይዩት፤ ላሳይዎት።»

አንዳንዱን ናሙና ሳይቆይ እዚያው የምናይበት፣ በእንጨት ሳጥን የሚቀመጥ ትንሽ ማይክሮስኮፕ መኪናው ውስጥ ነበረን። ሽማግሌው በእጃቸው ምልክት ሲሰጡ በሩን ለቀቁለትና ሾፌሩ ሳጥኑን ይዞ ወረደ። ኮፈኑ ላይ አቆምኩት። ከቅሉ አንድ ጠብታ በስስ ብርጭቆ ላይ አድርጌ ከሥር ያለችውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞርኩ። ፀሐይ የለችም። ደመናው ውጧታል።

ያን ያህል የተጠበቀች ፀሐይ በሕይወቴ አላውቅም። አንድ መቆፈሪያ የያዘ ጎረምሳ «ጊዜ እየገዛች ነው!» ይላል። ሌላው ትከሻዬን ገፋኝ። ሾፌሩ ከጎኔ ሆኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ ነበር። ሽማግሌው ብቻ ሰማዩን እያዩ ቆሙ። ደመናው ሲገለጥ ብርሃኑ ከመስታወቷ ወደ ላይ ተወርውሮ ዓይኔን ወጋኝ።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። አንዱን ዓይን መጨፈን አላወቁበትምና በመዳፋቸው ሸፈኑት። ብዙ ቆዩ። ትንፋሻቸው ሲቆም ይታወቀኛል። ቀና ሳይሉ፣ «ሉቡ ቀባ!» አሉ፤ ነፍስ አለው ማለታቸው ነው።

ቀና ብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጁን የገደለው ይኼ ነው?»

አልነበረም። ብርጭቆው ላይ የሚሯሯጡት በየትኛውም ኩሬ የሚገኙ፣ ማንንም የማይነኩ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ገዳዩ ከእነሱ እጅግ ያነሰ፣ በዚያ መሣሪያ የማይታይ ነው። ይህንን ለማስረዳት ጊዜ ያስፈልጋል፤ የሚሰማ ሰውም ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ የማየው መቆፈሪያውን ነው።

«ኤዬ» አልኩ። አዎ።

በተራ በተራ አዩ። ያየ ሁሉ እየተሳቀቀ ይመለሳል። አንዷ ሴት አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምን እናድርግ ሲሉኝ ውሃውን አፍልተው፣ ሲቀዘቅዝ ከድነው እንዲያስቀምጡ ነገርኳቸው። ያ እንኳ እውነት ነበር። ተነስተን ስንሄድ ማንም አልነካንም። ድልድዩን ካለፍን በኋላ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደና ጎማው አጠገብ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። ሱሉልታ ገበያ «ትል የምታሳየዋ ልጅ» ብለው ጠበቁኝ። ሰበታ ላይ ባለሱቆች ከደጃቸው ወንበር አውጥተው መሣሪያውን የማስቀምጥበት ቦታ ሰጡኝ። ሰው ይሰለፋል፤ አማርኛ ለሚሰማ በአማርኛ፣ ለሌላው በኦሮምኛ እናገራለሁ። በየቦታው ያንኑ ውሸት ደገምኩት። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚመለስ አላወቅኩም። ለሌላው የተለየ ነገር መናገሬን ቡራዩ ቢሰማ ምን ይለኛል? በዚያ ላይ ሰዎቹ እያፈሉ ነው። እያፈሉ ከሆነ ምን አገባኝ እያልኩ ራሴን አባብል ነበር፤ ግን ቡራዩ ስሄድ ሽማግሌው ከሕዝቡ መሃል ሲያዩኝ ዓይናቸውን መሸሽ ጀመርኩ።

ሌላም ፍርሃት መጣ። ሱሉልታ ላይ አንድ ኮት የለበሰ ሰው በሦስት ተከታታይ ገበያ ቆሞ ተመለከተኝ። አይሰለፍም፣ አያይም፣ አይጠይቅም። ሾፌሩ በጆሮዬ፣ «ጆሮ ጠቢ ነው። ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ። በሳምንቱ ከወረዳ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ሹሙ ተቀመጪ አላሉኝም።

«ሕዝብ እንድትሰበስቢ ማን ፈቀደልሽ?»

«አልሰበሰብኩም፣ ጌታዬ። ራሳቸው ናቸው የመጡት።»

«በምን ቋንቋ ነው የምታነጋግሪያቸው?»

መልሱን ያውቁታል። ስሜን ወረቀት ላይ ጻፉና፣ «ሂጂ። እንጠራሻለን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊጠሩኝ መጡ እል ነበር።

የጠሩኝ ግን የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ሆኑ። ንግግር የማያበዙ ሐኪም ነበሩ። ሳይንስን ለሕዝብ ያስተዋወቁ ወጣት ባለሙያዎችን የሚሸልም ኮሚቴ እንደተቋቋመና የእኔን ስም እንዳስገቡ ነገሩኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ «ስሜን ያውጡልኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

ምክንያቱን መናገር አልቻልኩም። እሳቸውም ስሜን አላወጡም።

ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ከሚኒስቴሩ የመጡ ባለሥልጣን ናቸው። በቀኝ የተቀመጡት ፀጉራቸው የሸበተ የዩኒቨርሲቲ መምህር፤ በግራ ያለው ደግሞ የሚጽፍ ብቻ። መምህሩ ጠየቁኝ።

«ለሰዎቹ ያሳየሻቸው የሚንቀሳቀሱት ፍጥረታት ተቅማጥ ያመጣሉ?»

«አያመጡም።»

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«የልጅ ልጃቸውን ለቀበሩ ሽማግሌ፣ ገዳዩ ይኼ ነው አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ፈርቼ ነው። ሊገድሉኝ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ... ለማስተካከልም ፈራሁ።»

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ባለሥልጣኑ ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። «እያፈሉ አይደለም እንዴ? ዋናው እሱ ነው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለ ቋንቋው ግን ሪፖርት ደርሶናል። ከእንግዲህ በአማርኛ ይሁን። በሽልማቱም ቀን ይኼ ነገር እንዳይነሳ» አሉ። ብዕሩ እንደገና መጻፍ ጀመረ።

ስወጣ መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ። «ሽልማቱን ላንቺ እንዲሰጡ እናገራለሁ። ግን እኚያ ሰውዬ የልጅ ልጃቸውን ያልገደለውን ገዳይ እያሉ እንዲኖሩ ትተዪአቸዋለሽ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ተመልሰው ገቡ።

የሽልማቱ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሰበታ ወርጄ ለአባቴ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ሰጠኝና፣ «እምቢ ማለት አይቻልም?» አለኝ።

«አባዬ፣ ሽልማት እኮ ነው።»

«ገባኝ። ያልታወቀ ሰው በሰላም ይኖራል ብዬ ነው። አንዴ ስምሽን ካወቁት ለሽልማት ብቻ አይጠሩሽም።»

በማግስቱ ሾፌሩን ለመንኩትና ቡራዩ ወሰደኝ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ኦቦ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ። ያዩት ነገር ልጁን አልገደለም።»

እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ። የሚጮኹ መሰለኝ፤ ሰው የሚጠሩ መሰለኝ። መኪናው ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይኔ ለካሁ።

«እኔ ይኼን ሁሉ ወር እሱን ስረግም ነው የከረምኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ጠላቴን አየሁት ብዬ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ታዲያ ማን ነው?»

«በትንሹ መሣሪያ አይታይም። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ያሳያል።»

ገመዱን አስቀምጠው ተነሱ። «እንሂድ።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

የውጭ ሰው ያለ ፈቃድ ላቦራቶሪ ማስገባት ክልክል ነበር። በጓሮ በር አስገባኋቸው። ከዚያው ከቡራዩ ሰፈር ከታመመ ልጅ የተወሰደ፣ በቀለም የተነከረ ናሙና መደርደሪያው ላይ ነበረ። አስተካክዬ ጎንበስ እንዲሉ ነገርኳቸው። ይኼኛው በሁለት ዓይን የሚታይበት ስለሆነ ይህን ጊዜ መዳፍ አላስፈለጋቸውም።

«ቀይ ነገር አያለሁ። እንደ ተሰባበረ ጭራሮ። ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«አይንቀሳቀስም።»

«ሞቷል። ብርጭቆውን በእሳት ላይ አሳልፈነዋል፤ እሳት ይገድለዋል።»

ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «እሳት ይገድለዋል...» ብለው ደገሙት። «እንግዲያው ምራቴ ያን ውሃ አፍልታ ብታጠጣው ኖሮ...»

አልጨረሱትም። እኔም አልጨረስኩላቸውም። ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። አፍሉ ብዬ ስናገር በከረምኩበት ጊዜ ሁሉ፣ ልጇ የሞተባት ሴት ቃሉን ምን ብላ እንደምትሰማው አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። እጄን ይዘውኛል። «ምራቴ ይህን ከሰማች ትሞትብኛለች።»

በሩ ተከፈተና ኃላፊያችን ገቡ። እኔን አዩ፤ ሽማግሌውን አዩ፤ የበራውን ማይክሮስኮፕ አዩ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው፣ «አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ቆመው አይዩ» አሉና ወጡ። ስለዚያ ቀን ሁለተኛ አላነሱብኝም።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹ በባለሥልጣናትና በውጭ አገር ሰዎች ሞልቶ ነበር። ሽማግሌው እንዲጋበዙ ጠይቄ ቦታ የለም ተብያለሁ። ከኋላ ወንበሮች ላይ ግን ባዶ ቦታ አይቻለሁ። ሁለት ወጣቶች ከእኔ በፊት ተሸለሙ። ስሜ ሲጠራ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ሜዳሊያውን ሲያጠልቁልኝ አንድ ሁለት ቃል ተናገሪ ተባልኩ። አባቴ በሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«ይህ ሥራ የእኔ ብቻ አይደለም» አልኩ። «ቡራዩ ላይ ሰው ሁሉ ሲቆጣ ጎንበስ ብለው ለማየት የደፈሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ባያዩ ማንም አያይም ነበር። በቋንቋቸው አመሰግናቸዋለሁ። ገላቶማ።»

አዳራሹ አላጨበጨበም፤ አልተቆጣምም። ከሚኒስቴሩ የመጡት ሰው ወረቀታቸውን ገለጡ። የሚቀጥለው ስም ተጠራ። ወደ ወንበሬ የተመለስኩት የሚጠራኝን እየጠበቅኩ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከሚኒስቴሩ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ገበያ ላይ ማስተማሬ እንዲቆም፣ ከተጠራሁ ትምህርት ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ እንድናገር የሚል ነው። ኃላፊያችን አንብበው ፋይል ውስጥ ከተቱት። «ናሙና መሰብሰብ አልተከለከለም» አሉ። «መሣሪያውን ይዘሽ መሄድም አልተከለከለም። አፍሽን ብቻ ነው የከለከሉት።»

ይህንን ለሽማግሌው ስነግራቸው ጥቂት አሰቡ። «የእኔን አፍ ከልክለዋል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው፣ ምራታቸው ከምትሰማበት ከቡራዩ በቀር፣ ከእኛ ጋር ይወጡ ጀመር። ሱሉልታ ገበያ ላይ እኔ ጠርሙሱን እይዛለሁ፣ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዞራለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፍስም። የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። የሚንቀሳቀሰው ገዳይ እንዳልሆነ፣ ገዳዩ ከእሱ ያነሰ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ሄደው በዓይናቸው እንዳዩት፣ እሳት እንደሚገድለው። ልጅቷ መጀመሪያ ተሳስታ እንደነበረ ሲናገሩ መሬት መሬት አይ ነበር፤ «ፈርታ ነው» ይሉና ያልፉታል። ኮት ለባሹ ሰው ይቆማል፣ ያዳምጣል። ስለ ውሃቸው የሚያወሩ ሽማግሌን ምን ብሎ ከስሶ ይወስዳቸዋል? ቢሆንም በየሳምንቱ ዛሬ ይወስዷቸዋል እያልኩ እሰጋ ነበር።

አንድ ቀን ሰዉ ጠይቋቸው እዚያው ቡራዩ ላይ ሲናገሩ አንዲት ወጣት ሴት ከሰልፉ መሃል አየሁ። ማን እንደሆነች ያወቅኩት ሽማግሌው ንግግራቸውን በመሃል ሲያቋርጡ ነው። ምራታቸው ነበረች። ተራዋ ደርሶ ጎንበስ አለች፤ አየች። ቀና ብላ እሳቸውን እንጂ እኔን አላየችም።

«አባባ፣ ለምን ዝም አሉ?» አለች በኦሮምኛ።

ሽማግሌው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመዱ። እኔም መስታወቷን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ውሃውን አፍሉ የተባልን ዕለት ነው ባፈላው ኖሮ ልጄ ይተርፍ እንደነበር የገባኝ» አለች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። እርስዎ እንዳይሰሙ ነው ያልተናገርኩት።»

እንስራዋን አንስታ አዘለች። ሽማግሌው ዱላቸውን ከመኪናው ላይ አንስተው ተከተሏት፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰልፉ ግን አልተበተነም። የሚናገርላቸው ሰው ስላልነበረ ዙሪያዬን አየሁ፤ ኮት ለባሹ ሰው እዚህም መጥቶ አንድ ዛፍ ሥር ቆሟል። መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዙሬ ለቀጣይዋ ሴት በኦሮምኛ ማስረዳት ጀመርኩ።